ለኢተፋ የተጨመረው ዕድሜ

ዘመናይ መዋሸት አይሆንላትም ነበር። በዕድሜዋ የዋሸችው አንዴ፣ በ1975 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ናዝሬት ውስጥ በቀበሌዋ ፍርድ ሸንጎ ፊት ነው። ያችኑ አንዷን ደግሞ አመኗት።

ከባሏ ከወዬሳ ጋር ከተለያዩ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እሱ አቦምሳ አቅራቢያ የመንግሥት እርሻ ውስጥ የትራክተር መካኒክ ነው፤ ደመወዙ መቶ ስድሳ ብር። እሷ እህል መጋዘን ደጃፍ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች። ለልጃቸው ለኢተፋ ሸንጎው በወር ሃያ ብር ቀለብ ቆርጦላት ነበር፤ ሃያ ብር ደግሞ ኪራይና ደብተር ሲሻሙት ለእህል የሚተርፍ የለውም። በዚያ ዓመት ታዲያ የሸንጎው አሠራር ተለወጠ። ከእንግዲህ ቀለብ በግምት አይቆረጥም፤ በልጁ ዕድሜና በአባትየው ደመወዝ ይሰላል ተባለ። አሥራ አምስት ዓመት ላልሞላው የደመወዙ ስምንተኛ፣ ለሞላው ሩብ። ዘመናይ ፊደል ባትቆጥርም ሒሳብ አይጠፋትም። ስምንተኛው ያው ሃያ ብር ነው፤ ሩቡ ግን አርባ። ኢተፋ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር።

«አሥራ አምስት ሞልቶታል፤ በ1960 ነው የወለድኩት» አለች። ማለችም፤ መዝገቡ ላይም በጣቷ ፈረመች።

ወዬሳ የቅጥር ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ ነበር። ልጁ የተወለደው እሱ ሥራ በገባ በሳምንቱ፣ ኅዳር 1962 መሆኑን አስረዳ። የሸንጎው ሰብሳቢ ጓድ ገብረወልድ ደብዳቤውን ገልበጥ አድርገው አዩና «ይሄ አንተ መቀጠርህን እንጂ ልጁ መወለዱን አይናገርም» አሉት። ከዚያ ኢተፋን አስጠርተው ጠረጴዛው አጠገብ አቆሙት። ልጅ ሆዬ የአባቱን ቁመት ወስዶ እናቱን በራስ ይበልጣታል። ሰብሳቢው ሽቅብ አዩትና ሳቁ። ወዬሳ ከቀለብ ለመሸሽ በልጁ ዕድሜ ዋሽቷል ተብሎ ተወሰነበት፤ አሥር ብርም ተቀጣ። ሲወጣ ዘመናይን ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ቢጎዳ ሃያ ብር ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ያን ለት ደህና አድርጋ ተኛች፤ ሰው ናትና።

ሦስት ዓመት አርባ ብሯን ተቀበለች። በ1978 ለብሔራዊ ውትድርና ቀበሌው አሥራ ሁለት ልጅ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ዝርዝሩ በቀበሌው በር ላይ ሲለጠፍ ኢተፋ አነበበላት፤ ሰባተኛው ተራ ላይ «ኢተፋ ወዬሳ፣ የትውልድ ዘመን 1960» ይላል። ማንም አላዳላ፣ ማንም አልተሳሳተ፤ እሷ እንዳስጻፈችው ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው።

ጓድ ገብረወልድ ዘንድ ሮጠች። «ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው ጓድ» አለቻቸው።

መዝገቡን አውጥተው ገጹን ፈልገው አሳዩዋት። «ይሄ የማን ጣት ነው?»

«የኔ።»

«በሐሰት ነው የማልኩት ልትይኝ ነው? ያ ከሆነ ወህኒ ትወርጃለሽ። ያላግባብ የበላሽውንም ትመልሻለሽ።»

«እወርዳለሁ። እሱን ብቻ ይፋቁልኝ።»

«ያንቺ ቃል ብቻውን ልጇን ለማስቀረት ነው ይባላል። አባትየው ይምጣ።»

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። ወዬሳን ያገኘችው ትራክተር ሥር ተጋድሞ ነው። ወጥቶ «አከም ጅርታ» ብሎ ደህንነቷን ጠየቃት። «ፈያዳ» አለችና ነገሩን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። መንገዱን ሁሉ ስድቡን ስትጠብቅ ነው የመጣችው፤ ቢሰድባት ይቀላት ነበር። እሱ ግን የእጁን ግራሶ በጨርቅ ጠርጎ ጠርጎ ሲያበቃ «ቱታዬን ልለውጥ» አለ። ዘመናይ ያኔ አለቀሰች።

ወዬሳ ያችኑ የቅጥር ደብዳቤ ሰብሳቢው ፊት አስቀመጠ። ጓድ ገብረወልድ አልነኳትም። «አንተ በዚሁ ጉዳይ ሐሰተኛ ነህ ተብሎ ተወስኗል። ይግባኝም አላልክ። አሁን ምስክርነትህን እንዴት ብዬ ልቀበል?»

«ያኔም እውነቴን ነበር።»

«ሊሆን ይችላል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሱን ብፍቅ ግን በምትኩ ማንን ልጻፍ? የማንን እናት ላስለቅስ?» ወደ ዘመናይ ዞሩ። «ምልመላው ላይ ሐኪም አለ። ዕድሜያቸውን አንድ በአንድ ይጠይቃል። ልጁ ራሱ ይናገር፤ ካመነው ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ግን መሐላሽ ውሸት ሆነ ማለት ነው። እኔም ዝም አልልሽም።»

ዘመናይ ቤት ገብታ ኢተፋን አስቀመጠችው። «ሐኪሙ ሲጠይቅህ አሥራ ስድስት በል። ሌላ ቃል አትጨምር» አለችው። ስለ ወህኒው አልነገረችውም። እሺ አላት፤ ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። እሷም አንድ ቀሚስና አንድ ጋቢ በሻሽ ቋጥራ በሩ ሥር አስቀመጠች። ፈርታ ነበር፤ ግን ከዝርዝሩ ወዲህ መተንፈስ የቻለችው ያን ጊዜ ነው።

በምልመላው ቀን ከወዬሳ ጋር ሆና ከካምፑ በር ቆመች፤ ቋጠሮዋን ብብቷ ሥር ይዛለች። እስከ ቀትር አራት ልጆች ተመልሰው ወጡ። ኢተፋ የለበትም። ከሰዓት በኋላ ከሽቦው አጥር ወዲያ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ መጣ። ሲላጭ ፊቱ የሕፃን ሆኗል።

«ስንት ነው አልካቸው?» አለችው።

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስድስት በል አላልኩህም?»

«ጓድ ገብረወልድ መዝገቡን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሐኪሙ አጠገብ ተቀምጠው ነበር» አላት። «ደግሞ ልብስሽን ስትቋጥሪ አይቼሻለሁ።»

ዘመናይ ቋጠሮውን ለቀቀችው። ሽቦውን በሁለት እጇ ጨበጠችው። በሕይወቷ እንደዚያ ሰዓት ራሷን ጠልታ አታውቅም። ወደ በሩ ዘብ ዞራ «አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ኅዳር 1962 ነው የወለድኩት። እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለችው።

«እውነቷን ነው» አለ ወዬሳ ከኋላዋ።

ዘቡ ክፉ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ቋጠሮዋን አነሣና አቀበላት። «እናቴ፣ እዚህ የምትመጣ እናት ሁሉ እንዲሁ ነው የምትለው» አላትና ኢተፋን ወደ ሰልፉ መለሰው።