ክላክስና የአማቱ ብስክሌት

ታክሲ ተራው ላይ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሁሉም «ክላክስ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አብረውት ወረፋ የሚጠብቁ ሾፌሮች ናቸው፤ «የሱ መኪና ፍሬን ባይኖራትም ትወጣለች፣ ክላክስ ከሌላት ግን ከግቢ አትንቀሳቀስም» ይላሉ። መብራት አረንጓዴ ሲበራ ያጮኸዋል፣ ሊበራ ሲልም ያጮኸዋል። ብስክሌተኛ ያየ ቀን ደግሞ እጁን ከክላክሱ ላይ የሚያነሳለት የለም።

«እነዚህ ሰዎች ታርጋ የላቸው፣ ስፖኪዮ የላቸው» ይላል ለተሳፋሪው። «ነፍሳቸውን ሁለት ቀጭን ጎማ ላይ አስቀምጠው እኔን ነፍሰ ገዳይ ሊያደርጉኝ ይዞራሉ።»

ክፉ ሰው ግን አይደለም። ዕቃ የከበደው ሽማግሌ ካየ ወርዶ ደጃፍ ድረስ ይሸከማል። ለጆሮ ነው እንጂ ለልብ የሚከብድ ሰው አልነበረም።

በብስክሌት ጉዳይ ቤቱ ውስጥም አጋር ነበረው። ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ አጥንት ክፍል ጄሶ አሳሪ ናት። ማታ ጫማዋን እያወለቀች «ዛሬም ሁለት ብስክሌተኛ አሰርኩ» ስትል የማያውቃት ሰው ፖሊስ ናት ሊል ይችላል። አንዱ ክንዱ፣ አንዱ ቁርጭምጭሚቱ፤ አንዱን መኪና ገጭቶት፣ አንዱ ከመኪና ሲሸሽ ቱቦ ውስጥ ገብቶ። እንዲህ ስታወራ ባልየው ራሱን ይነቀንቃል። በዚህ ጉዳይ ላይ ተጣልተው አያውቁም።

የእሷ እናት፣ ማለትም የክላክስ አማት፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ቤታቸው ከነሱ ብዙም አይርቅም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው የሠሩበት ጉልበት በመጨረሻ አስቸገራቸውና ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ረጅም መንገድ በእግር መሄዱን ቀነስ ያድርጉ፣ ብስክሌት ግን ለጉልበት ጥሩ ነው አላቸው። ይህን ምሳ ላይ ሲያወሩ ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ቤት ውስጥ የሚቆመውን ማለቱ ነው። ከቦታው የማይንቀሳቀሰውን።»

«እሺ» አሉ እናትየው።

አማትየው እሺ ካሉ ነገሩ አለቀ ብሎ የሚያምን ሰው እሳቸውን አያውቅም ማለት ነው።

ከጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት ክላክስ ከባድ ሻንጣ የያዘች ተሳፋሪ ጭኖ ትልቁ መንገድ ላይ አንድ ፋርማሲ ፊት ለፊት ቆመ። ሻንጣውን ከኋላ ሊያወርድላት ቸኩሎ፣ ወደ ኋላ ሳያይ፣ በሩን በረገደው። ወዲያው ጓ የሚል ድምፅ ሰማ። የበሩ ጠርዝ እጁ ላይ ነዘረ፤ አንድ ብስክሌት በጎኑ አስፋልቱ ላይ ተንሸራተተ፤ ቢጫ ሄልሜት ያደረገ ሰው መንገዱ መሀል ቁጭ አለ። ከኋላ ይመጣ የነበረ አውቶቡስ ጎማው እየጮኸ ፍሬን ያዘ። ሲቆም በአውቶቡሱ አፍንጫና በቢጫው ሄልሜት መካከል የቀረው ቦታ አንድ ሰው ተጋድሞ የማይበቃው ነበር።

ክላክስ ዘሎ ወረደ። አፉ እንደ ልማዱ ከእግሩ ቀድሞ «አታይም እን…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ሄልሜቱ ዞረ።

«ልጄ» አሉ አማቱ፣ «መጀመሪያ አንሳኝ። ከዚያ ትቆጣኛለህ።»

እንዴት እንዳነሳቸው፣ ብስክሌቷን ማን እንደሰበሰበለት አያስታውስም። ባለ ሻንጣዋ ሴት ሻንጣዋን ራሷ አውርዳ፣ ውሃ ገዝታ ለአማትየው አጠጣቻቸው፤ ለእሱም የቀረውን ሰጠችው። ከሁለቱ የባሰበት እሱ ነበር። የአውቶቡሱ ሾፌር መሪው ላይ ተደፍቶ ትንሽ ቆየና ሄደ።

«ሆስፒታል እንሂድ» አለ ክላክስ መኪና ውስጥ እንደገቡ።

«የትኛው ሆስፒታል?»

በከተማው ደህና የአጥንት ክፍል ያለው ሆስፒታል አንድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማን ጄሶ ይዛ እንደቆመች ያውቃሉ። ከገበያው ጀርባ ወዳለ ትንሽ ክሊኒክ ሄዱ። ራጅ ተነሡ፤ የተሰበረ ነገር የለም፣ ወለምታ ነው ተባለ። የእጃቸውን አንጓ በፋሻ ጠቅልለው ሸኟቸው።

ሲመለሱ ቀስ ብሎ ነዳ። አማትየው ሄልሜታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፊት ለፊት ያያሉ።

«ብስክሌት እንደምነዳ ለልጄ አትነግራትም» አሉ። «እኔም በሩን ሳታይ እንደከፈትክ አልነግራትም።»

«እና ምን እንላታለን?»

«መታጠቢያ ቤት አዳለጠኝ እላታለሁ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው።»

«አዎ» አሉ። «ግን የሚጎዳው ሰው የለም።»

የሚጎዳው ሰው ራሱ ክላክስ ሆነ። ሚስቱ ማታ እናቷ ቤት መጥታ ፋሻውን አየችና «ይሄን ያሰረው ሰው ጫማ ነው ያሰረው?» ብላ ፈትታ በወጉ አሰረችው። ቀጥላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ወለሉን በእግሯ እየረገጠች መረመረች። በማግስቱ የጎማ ምንጣፍና ሦስት መደገፊያ ብረቶች ገዝታ መጣች። ቅዳሜ ባልየው ድሪል ተውሶ፣ አቧራ እየዋጠ፣ ማንም ያልወደቀበትን መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሲበሳ ዋለ። አማትየው ወንበር አውጥተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ትንሽ ከፍ አድርገው» ይላሉ። «አይ፣ በጣም ከፍ አለ።»

ልጃቸው ወደ ጓዳ ዞር ስትልላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እጄ ሲሻለው አብረኸኝ ትወጣለህ።»

«ወዴት?»

«በብስክሌት። ትልቁን አደባባይ ብቻዬን እፈራዋለሁ።»

ከአደባባዩ ማዶ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ትኖራለች። በአንድ ማዋለጃ ክፍል አብረው ያረጁ ናቸው፤ አሁን ግን በስልክ ካልሆነ አይገናኙም። በአውቶቡስ ለመሄድ ሁለት ቦታ ወርዶ መሳፈር አለ፣ ደረጃው ደግሞ ለጉልበታቸው አይሆንም።

«እኔ በታክሲ አደርስዎታለሁ» አለ።

«በታክሲማ እንደ ዕቃ ነው፤ ታደርሰኛለህ፣ ትመልሰኛለህ። እኔ ራሴ መሄድ ነው የምፈልገው።»

ድሪሉን አስነሥቶ ያልሰማ ለመምሰል ሞከረ። አማትየው ግን እስኪያጠፋው ድረስ ጠበቁት።

እሱ የሚነዳውን ብስክሌት ያገኘው ከሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ጠጋኙ ይህ ሾፌር ስንት ዓመት ሙሉ በጆሮው ላይ ክላክስ እንዳስጮኸበት ያውቃል፤ ከሱቁ ውስጥ መርጦ የፊት ቅርጫት ያላት ሮዝ ብስክሌት ሰጠው። «ያለችው እሷ ብቻ ናት» አለ፣ ከኋላው ብዙ ብስክሌት ተሰቅሎ እየታየ።

እሑድ ጠዋት ወጡ። መንገዱ ጭር ብሏል። ክላክስ መጀመሪያ እንደ ሰከረ ሰው ነበር የሚሄደው፤ አማትየው ከኋላው ሲስቁ ይሰማዋል። ከዚያ ትልቁ መንገድ ላይ ሲገቡ ሳቁም ቀረ። አውቶቡስ ሲያልፈው ንፋሱ ሸሚዙን ይዞ ወደ ጎማዎቹ የሚስበው መሰለው። የጭነት መኪና በቁመቱ ልክ ጥቁር ጎማ እያሽከረከረ አጠገቡ ተሰለፈ። መኪና ውስጥ ሆኖ ሲያየው ሰፊ የሚመስለው መንገድ አሁን የክር ያህል ጠበበበት።

ቀጥሎ ከኋላው የመኪና ክላክስ ጮኸ።

ዕድሜውን ሙሉ ያንን ድምፅ ከመሪው በኩል ነው የሚያውቀው። እዚያ ሲሆን ንግግር ነው፤ አለሁ፣ ሂድ፣ ሰላም ነው ማለት ነው። ከፊት ሆኖ ሲሰማው ግን አንገቱ ሥር በጥፊ የመቱት ያህል ዘለለ። መሪው ከእጁ አመለጠና የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ገጭቶ ቆመ። ያለፈው መኪና የጓደኛው ነበር፤ ከታክሲ ተራው «ወፍራሙ» የሚሉት ሾፌር። ወፍራሙ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ኋላውን እያየ፣ ዓይኑን ማመን አቅቶት ሄደ።

አማትየው ደረሱበት። «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ አትደንግጥ» አሉት። «ደግሞ ከቆሙት መኪኖች ራቅ በል። ማን ሳያይ በር እንደሚከፍት አይታወቅም።»

ብስክሌቱን ከቆሙት መኪኖች አራቀ።

ያን ዕለት አደባባዩ አፍ ድረስ ሄደው ተመለሱ። በሚቀጥለው እሑድም እንደዚያው፤ በሚቀጥለውም። ለሚስቱ «የእማማን ቧንቧ ላይላቸው» ይላል። ቧንቧው አልጠገን ያለ ቧንቧ ሆነ። በሥራው ላይም ሰውየው ተለወጠ። ሲወርድ በሩን በወዲያኛው፣ በቀኝ እጁ ይከፍታል፤ እንዲያ ሲያደርግ ሰውነቱ ወደ ኋላ መዞሩ ግድ ነው። ተሳፋሪውን «ሳይወርዱ ኋላዎን ይዩ» ይላል። ክላክሱን ዝም ስላሰኘው ተራው ላይ ያሉት ሾፌሮች ታሟል ብለው አወሩ።

ነገሩ የወጣው ወፍራሙ እግሩን ሲሰብር ነው። ታክሲ ተራው ላይ ኳስ ሲጫወቱ ኳሷን ስቶ ድንጋይ መታ። ጄሶ ክፍል ተኝቶ፣ የጓደኛው ሚስት እርጥቡን ፋሻ እያዞረች ስትጠቀልልለት ሕመሙን ለመርሳት ወሬ ጀመረ።

«ባልሽን ምን ነካው? ታክሲዋን ሊሸጣት ነው?»

«ማን አለህ?»

«እሑድ እሑድ በብስክሌት ሲሄድ አየዋለሁ እኮ። በሮዝ ብስክሌት። ቢጫ ሄልሜት ካደረጉ አንዲት እናት ጋር ነው፤ እማማ፣ እማማ ይላቸዋል።»

እጇ ባለበት ቆመ። ወፍራሙ ብዙ ቆይቶ «እህቴ፣ እግሬን» ሲላት ጄሶው ቅርጹን ሳይይዝ ደርቆ ነበር። ይቅርታ ጠይቃ፣ ቆርጣ ጥላ፣ እንደ አዲስ አሰረችለት።

እሑድ ጠዋት ባሏ የቧንቧ መፍቻውን ይዞ ሲወጣ «እማዬን ሰላም በልልኝ» አለችው። ትንሽ ቆይታ የታክሲውን ትርፍ ቁልፍ ይዛ ተከተለችው። እሱና አማቱ ብስክሌታቸውን እየገፉ ከአማትየው ግቢ ሲወጡ ታክሲው በር ላይ ቆሟል፤ እሷ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።



«ቧንቧው እንዴት ነው?» አለች።

«ልጄ…» አሉ እናትየው።

«እማዬ፣ መታጠቢያ ቤት አዳለጠሽ?»

«አላዳለጠኝም።»

«ታዲያ ማን ጣለሽ?»

እናትየው ቃላቸውን አልበሉም። ወደ ጎረቤት ጣሪያ ማየት ጀመሩ። ክላክስ የብስክሌቱን መሪ ጨበጥ ለቀቅ አደረገ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሳላይ በሩን ከፈትኩት። አውቶቡስ ነበር ከኋላ። ሾፌሩ ፍሬን ባይዝ ኖሮ…»

ሚስቱ ከመኪናው ወርዳ እናቷን ከራስ እስከ እግር አየቻቸው፤ አሁን የወደቁ ይመስል እጃቸውን ይዛ አንጓውን ዳሰሰች። «በየቀኑ የሰው እናት እግር አስራለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ያንቺን ማሰር ግን አልችልም።»

«አውቃለሁ» አሉ እናትየው። «እኔም ወንበር ላይ ሆኜ ያንቺን መምጣት ስጠብቅ መዋል አልችልም። እንዲያ ብኖር የሚደርቀው ጉልበቴ ብቻ አይደለም።»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ለቀቀች። ዞር ብላ ባሏን አየችው። «አንተስ፣ ያንን ሁሉ ግድግዳ ስትበሳ ምን እያልክ ነበር?»

«ትንሽ ከፍ አድርገው ይሉኝ ነበር» አላት።

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። እናትየውም አብረዋት ሳቁ። ክላክስ ግን መሳቅ ይፈቀድለት እንደሆነ እርግጠኛ ስላልነበረ ሮዟን ብስክሌት ይዞ ቆሞ ጠበቀ።

«ሂዱ» አለች ሚስቱ በመጨረሻ፣ ተመልሳ መኪናው ውስጥ እየገባች። «ከኋላችሁ አለሁ።»

እንዲህ ሆነው ወጡ። ፊት አማትየው፣ ቀጥሎ ክላክስ፣ ከኋላ አራቱንም ፍሬቻ እያበራች በአንደኛ ማርሽ የምታዘግመው ታክሲ። ከታክሲው በስተኋላ መኪና መደርደር ጀመረ። አንድ ነጭ መኪና ክላክሱን ደጋግሞ አስጮኸ። ቀዩ መብራት ላይ እሷ ወርዳ ወደ ሰውየው መስኮት ሄደች።

«ወንድሜ፣ ቸኩለሃል አይደል?»

«አዎ። ምንድን ነው ይሄ?»

«ከፊት ያሉት እናቴና ባሌ ናቸው። እኔ ሆስፒታል ጄሶ አሳሪ ነኝ። ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ ሥራ እንዳታመጣብኝ።»

ሰውየው ሴትየዋን አየ፣ ቢጫውን ሄልሜት አየ። «እሺ እህቴ» አለ። ከዚያ በኋላ ክላክሱን አልነካም።

አደባባዩ ላይ አማትየው እጃቸውን ዘርግተው ምልክት አሳዩና ገቡ። ክላክስ በግራቸው ሆኖ ከለላቸው፤ ታክሲው ከኋላ መንገዱን ዘጋ። መውጫው ጋ ሲደርሱ አማትየው አልወጡም። አንድ ዙር ጨመሩ።

«እማማ፣ አለፍነው እኮ» አለ አማቻቸው እያለከለከ።

«አይቼዋለሁ» አሉ። ሄልሜቱ ሥር ፊታቸው ቀልቶ፣ የወጣትነት ነገር ነበረበት።

ባልደረባቸው በሩን ስትከፍት መጀመሪያ አላወቀቻቸውም። ካወቀች በኋላ ደግሞ አልለቀቀቻቸውም። ሁለቱ አዋላጆች ተያይዘው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ወዲያው የማን ልጅ በእግሩ እንደመጣ፣ የትኛው ሐኪም ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ራሱን እንደሳተ የሚያወሩት ወደ ውጭ ይሰማ ጀመር።

ባልና ሚስት ደጃፉ ላይ ቀሩ። እሷ ሮዟን ብስክሌት ዞራ አየቻት።

«አሁንም አልወደድኩትም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«መቀመጫህ ዝቅ ብሏል። እንዲህ እየነዳህ ከከረምክ ጉልበትህ እንደ እማዬ ጉልበት ይሆናል።» እጇን ዘረጋችለት። «ያ የቧንቧ መፍቻህ ቅርጫቱ ውስጥ አለ?»

አውጥቶ ሰጣት። እሱ ብስክሌቷን ደግፎ ያዘ፤ እሷ ተንበርክካ የመቀመጫውን ብሎን መፍታት ጀመረች።