ቦታና ሰዓት የሌላቸው ፎቶዎች

አጎት ከወንበራቸው ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ጸጥ አለ።

"የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶቻችን" አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። "በዚህ በከባድ ሐዘናችን ጊዜ ከጎናችን ስለቆማችሁ ቤተሰቡ ምስጋናው ወደር የለውም። በዚሁ አጋጣሚ ላሳውቃችሁ የምፈልገው፣ የመጸዳጃ ቤቱ መቆለፊያ ተሰብሯል። የገባ ሰው በየመሃሉ ያስል። ያልገባም ሳያንኳኳ አይግባ። አመሰግናለሁ።"

ተቀመጡ። ጥግ ላይ ያለች አንዲት ሴትዮ በልማድ እንባዋን ጠረገች።

ሚጢጢ ፔርሙዝና የስኒ ትሪ ይዛ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር። ሚጢጢ ያላት ታላቅ ወንድሟ ነው። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በቁመትም ከቤቱ ሰው ሁሉ ትበልጣለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ስሙን ያወጣላት ሰው ትናንት ተቀበረ። ይህን ለራሷ ደጋግማ ብትነግረውም የሌላ ሰፈር ወሬ ነው የሚመስላት።

"ስኳር ስንት ላድርግልዎት?" አለች ጎንበስ ብላ።

"ሦስት... ውይ፣ ሐዘን ላይ ነን እኮ። ሁለት ይበቃኛል ልጄ።"

ሁለት አደረገች።

እናቷ ትልቁ ወንበር ላይ አልበም ታቅፋ ተቀምጣለች። የገባ ሰው ሁሉ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ማየት አለበት። "ይኼ ወደብ ላይ ነው። ይኼኛው ደግሞ መርከቧ ውስጥ ክፍሉ ነው። ነጭ ግድግዳ ነው ያላት። ንጽሕናዋ!"

ሚጢጢ ያን ግድግዳ ታውቀዋለች። ግድግዳ አይደለም፤ አንሶላ ነው። በአራት ሚስማር የወጠረችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ ከዓመት ተመንፈቅ በፊት ሽርሽረኞችን በሚያመላልስ መርከብ ላይ የፎቶ አንሺነት ሥራ አግኝቶ ሄደ። እናቱ ሽኝቱን ሳምንት ሙሉ ደገሰች፤ ያልሰማ ጎረቤት ካለ ሰፈር የቀየረ ነው። በአራተኛው ወር ሳንባው ታሞ ተመለሰ። የተመለሰው ግን እናቱ ቤት አልነበረም። ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ ካለ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየና ወደ ሚጢጢ ደወለ። ሐኪሙ የደረቱን ፊልም ወደ መብራቱ አንስቶ ሲያሳያቸው፣ ወንድሟ ዓይኑን አጥብቦ አየና "ጥሩ ነው የተነሣው" አለ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ፖስታው መለሰ።

"ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ" አላት የዚያን ዕለት። "እማዬ እንዲህ ሆኜ ካየችኝ ከእኔ ቀድማ ነው የምትሞተው። ሲሻለኝ እንደወጣሁ በሻንጣዬ እገባለሁ። ደግሞ እሑድ ከሰዓትና ረቡዕ ማታ ብቻ ነይ። በሌላው ቀን ተኛ ተብያለሁ።"

አሥራ አራት ወር እሑድና ረቡዕ ሄደች።

እናት ደግሞ ፎቶ ትፈልጋለች። ከመርከቡ ያመጣቸውን በቁጠባ ላኩላት፣ በሳምንት አንድ ወደብ። ወደቦቹ ሲያልቁ አንሶላው ተወጠረ። ሚጢጢ አንድም ፎቶ ሳታጥብ ወደ እናቷ አልላከችም።

ማጠብ ያሉት የራሳቸው ቋንቋ ነው። ሁለቱም ፎቶ ቤት ነበር የሚሠሩት፤ እሱ ያነሣል፣ እሷ ታትማለች። አንድ ጊዜ ባሏን ሸሽታ ቤት የቀየረች አስተማሪ መጣች። አዲሱ በረንዳዋ ላይ ያለ የአበባ ማሰሮ አንሥታ ለጓደኛዋ ልካለች፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ባልየው ጋ ደረሰ፤ በሳምንቱ በሯን አንኳኳ። "ማሰሮ ብቻ እኮ ነው!" ትላለች። ወንድሟ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፈተና ከሥዕሉ ጀርባ የተጻፈውን አሳያት፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የስልኩ ዓይነት፣ ከዚያ ሁለት ረድፍ ቁጥር። ቁጥሩን ካርታ ላይ ሲያስገባው ነጥቡ በረንዳዋ ላይ አረፈ። "ፎቶ ወሬኛ ነው" አላት። "ፊት ለፊት ዝም ይልና ከጀርባ ያወራል።" ከዚያ ወዲህ ያ ወሬ ሳይጠፋ ከቤታቸው የወጣ ፎቶ የለም። ወንድሟ ከአንሶላው ፊት ተነሥቶ ስልኩን ሲያቀብላት "እጠቢኝ" ይላት ነበር።

"ከስቷል" ትላለች እናት ፎቶው ሲደርሳት።

"ሌንሱ ነው እማዬ። ያከሳል።"

"ሰው የሚያከሳ ሌንስ ካለ ለእኔም ፈልጊልኝ።"

ወንድሟ የሞተ ቀን ሚጢጢ አጎቷ ጋ ደወለች። አጎት የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። እየተንተባተበች ነገረቻቸው፤ ጎኗ ያለችው አከራይ ታለቅሳለች። አጎት "መጣሁ" ብለው ዘጉ። አድራሻውን እንኳ በቅጡ ሳትነግራቸው በሩብ ሰዓት ደረሱ። ሬሳው ከአውሮፕላን ማረፊያ እንደመጣ ሆኖ ሳጥኑ ታሽጎ ቤት ገባ። እናት "ክፈቱልኝ" ብትል "ሕጉ አይፈቅድም" አሏት። የትኛው ሕግ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

አሁን እናት አልበሙን ዘጋችና ቀና አለች።

"ሊቁ!"

ሊቁ የሚጢጢ አክስት ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል። የተቀዳለት ሻይ አፉ ውስጥ ቀረ።

"አቤት አክስቴ?"

"ስልክ ፎቶው የት እንደተነሣ ያውቃል ይላሉ። እውነት ነው?"

"አንዳንዱ... አዎ።"

"ስልኩ ከዕቃው ጋር መጥቶልኛል። ካርታ ላይ አድርግልኝ። የረገጠውን መንገድ በጣቴ ልሂድበት። ሌላ ምን ቀረኝ?"

ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። ሊቁ ሻዩን ዋጠ።

"አደርግልሻለሁ። ነገ እወስደዋለሁ። ግን ለእኔ ብቻ ስጪኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው!" አለ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብሎ።

"ይኼ ደግሞ ሁልጊዜ ዐዋቂ ነው" አለች ሚጢጢ በሆዷ። ፔርሙዙን አስቀመጠች። ካርታው ላይ አንድ ነጥብ ካረፈች እናቷ ልጇ ሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ሆኖ አሥራ አራት ወር ሲሞት እንደከረመ ታያለች። ሚጢጢ የምትፈራው ይህን ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር የሚሰማት ቦታ አልነበራትም።

ስልኩ መኝታ ቤት ተሰክቶ ነበር። ነቀለችው፤ ለብቻ የሚኮንበት ክፍል ሌላ ስላልነበረ መጸዳጃ ቤት ገባች። ሳለች።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ። የታጠበው ለእናቷ የተላከው ቅጂ ብቻ ነው፤ ስልኩ ላይ የቀሩት ከነወሬያቸው አሉ። ሻይ ስኒ፣ እጁ፣ አንሶላው፣ መስኮቱ፣ የሾርባ ሳህን። አንዱን ከፈተችና ጀርባውን አየች፤ ማክሰኞ ጠዋት ይላል። ሌላው ሐሙስ። "ተኛ ተብሎ አልነበር እንዴ? አልጋው ላይ አርፎ አይቀመጥም" አለች። እንደ ድሮዋ ተናደደችበት፤ ንዴቱም ወዲያው ጠፋ።

አንዱ ላይ ራሷን አገኘች። ወንበሩ ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ሲያነሣት አልሰማችም። እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ይላል። ቀኑን በቃሏ ለመያዝ ሞከረች።

ሁሉንም መረጠች። ዘወትር የምታጥብበት የስልኩ ማጽጃ ፕሮግራም ጠየቃት፤ የእነዚህ ፎቶዎች ቦታና ሰዓት ይጠፋል፣ አይመለስም። ይቀጥል?

በሩ ተንኳኳ። ሳለች። ይቀጥል የሚለውን ነካች።

አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የተኛችበትን ፎቶ መልሳ ከፈተችው። ያችው ሴት ናት፣ አፏም እንደተከፈተ ነው፤ የተኛችው ግን በየትኛውም ቀን፣ በየትኛውም ቤት አይደለም። በቃሏ የያዘችውን ቀን ፈለገች። አሥራ ሰባት ነው ወይስ አሥራ ዘጠኝ? ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች። ጠበቀች። አልመጣም። ሰው እንዲያምናት ውሃ ለቀቀችና ወጣች።

በማግስቱ እናት ስልኩ ከቤት አይወጣም ስላለች ሊቁ እዚያው ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። እናት ከጎኑ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። አንድ ከፈተ። ሌላ ከፈተ። ፊቱ ተለዋወጠ። ላቡን በእጅጌው ጠረገና ሳሎኑን አንድ በአንድ ቃኘ።

"ባዶ ነው" አለ።

"ምኑ?"

"ማለቴ... ስልኩ የድሮ ነው አክስቴ። ቦታ አይመዘግብም።"

ስልኩን ከሁለት ዓመት በፊት "የመጨረሻው አዲስ ነው" ብሎ ለወንድሟ የሸጠለት ራሱ ሊቁ ነው። ሚጢጢ አለማወቁን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነች።

እናት መነጽሯን አወለቀች። "እንግዲያ የት የት እንደነበረ ሳላውቅ መቅረቴ ነው" አለች። የሊቁ እናት፣ አክስት፣ ሰዎቹ ሻይ ይድገሙ እንደሆነ ጠየቀች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሰው ሳሳ። ቤተሰቡ ብቻውን ሊቀር ጥቂት ሲቀረው በሩ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጥቁር ሻሽ አስራ ቆመች። ሚጢጢ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። አከራይዋ ናት። "እንጠራዎታለን" ብላ ሳትጠራት የቀረች አከራይ።

"ፎቶ ቤቱ ጎረቤት ጠይቄ ነው የመጣሁት" አለች ሴትዮዋ። "ብትረሱኝም አልፈርድባችሁም። ያጥናችሁ።"

ከዚያ ማንም ሳያስተዋውቃት፣ በር አጠገብ ካሉት ከአጎት ጀምራ ትስም ጀመር።

"ጋሼ፣ ወገብዎ እንዴት ሆነልዎት? ሐሙስ ሐሙስ ያን ሁሉ ደረጃ ሲወጡ እኔ ነበርኩ የማቃስተው።"

አጎት የኮታቸውን ቁልፍ ያዙ።

"እትዬ፣ የማክሰኞ ሾርባ የሚያመጡበት ዕቃ እኔ ጋ ነው። አጥቤ አስቀምጬልዎታለሁ።"

አክስት መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። ሊቁ ወደ እናቱ ዞረ፤ አንድ ቤት ነው የሚያድሩት።

"አንተም አለህ? ያ ቅዳሜ የጠገንክለት ሬዲዮ እስካሁን ይናገራል።" አሁን ደግሞ አክስት ወደ ልጇ ዞረች።

ሴትዮዋ ሚጢጢን አቅፋ ጉንጯን ሳመች። "ብዙ ተከራይ አስታምሜያለሁ። እንደናንተ ቀን ተካፍሎ በሽተኛ የሚጠይቅ ቤተሰብ ግን አላየሁም። ቀንቼባችሁ ነበር፣ እውነቴን ነው።"

ማንም ቀን አልተካፈለም። ያካፈላቸው እሱ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው "ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ" እያለ። ሚጢጢ አጎቷን አየች፣ አጎት ሊቁን፣ ሊቁ ስልኩን። "ሌላ ሰው እንዳይነካው" ብሎ ለምን እንደጮኸ አሁን ገባት፤ እሱም ሊያጥበው ፈልጎ ነው።

ሴትዮዋ ትልቁ ወንበር ጋ ደረሰች። ጎንበስ አለችና ቆመች።

"እርስዎን ግን አላወቅሁዎትም።"

"እናቱ ነኝ" አለች እናት።

"እናቱ?" በሴትዮዋ ፊት ላይ ደስታ የመሰለ ነገር በራ። "እናቴ ውጭ አገር ናት፣ መምጣት አትችልም ነበር የሚለኝ። ስንቴ ስምዎን አንሥቷል መሰለዎት! መቼ ገቡ?"

ኩሽናው ውስጥ ማንቆርቆሪያው መፍላት ጀምሮ ነበር። የሚያጠፋው አልተገኘም።

እናት አጎትን አየች፣ አክስትን አየች፣ ሊቁን አየች። ሚጢጢ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች።

"አሁን" አለች። "አሁን ገና መግባቴ ነው። ቤቱ ሩቅ ነው?"

"ኧረ እዚሁ ነው። ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ። በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ክፍሉን እንደተወው ነው ያቆየሁት።"

እናት አልበሙን ከጭኗ ላይ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። በእግሯ ወንበሩ ሥር ጫማዋን ፈለገች፤ አንዱን አገኘች፣ ሌላውንም አገኘች። ሚጢጢ ተንበረከከችና ማሰሪያውን ልታስርላት እጇን ዘረጋች።

እናት እግሯን ሰበሰበች። ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ራሷ ማሰር ጀመረች።