ሁለቴ የተመታ ሳንቲም

አባቴ ማኅተም ቀራጭ ነበር። ሌላው አባት ጡረታ ሲወጣ አትክልት ይኮተኩታል ወይም ጎረቤት ይነተርካል፤ የእኔው ግን ሳንቲም ላይ ተተከለ። መንግሥት አንዳንድ ጊዜ አዳዲስ ሳንቲሞችን በላስቲክ አሽጎ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። አባቴ የድሮዎቹን ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች እየለቀመ፣ እሽጉን ሳይከፍት ከባለ እግሩ ማጉያ መስታወት ሥር ያስቀምጥና በሁለት ዓይኑ ያፈጥባቸዋል። የሚፈልገው የቀራጭ ስህተት ነው። የሳንቲሙ መምቻ ብረት ሲቀረጽ ቅርጹ ትንሽ ተንሸራቶ ሁለቴ ካረፈበት፣ በዚያ ብረት የተመቱት ሳንቲሞች ፊደላቸው ድርብ ሆኖ ይወጣል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳይሠራ ሲጨነቅ የኖረ ሰው፣ የሌላውን ስህተት አንዴ በዓይኑ አይቶ መሞት ፈለገ።

እናቴ «ሳንቲሙ አፍ ቢኖረው ኖሮ ኧረ ተወኝ ይለው ነበር» እያለች ትስቅበታለች።

ቤታችን አንድ ሕግ ነበረው። እሱ አገኘሁ ቢል አይበቃም፤ እኔ ቦታው ሳይነገረኝ አይቼ በጥፍሬ ማሳየት አለብኝ። ምላሴ ስለት ስለሆነ አላባብለውም። ጭረት ከሆነ ጭረት ነው እለውና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። እሱም አኩርፎ ሌላ እሽግ ያነሣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አገኘሁ ብሎ ጠራኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፊደሎቹ ጥርት ያሉ ነጠላ ናቸው። ፊቱ በርቶ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ መዋሸት አማረኝ፤ ግን የቱ ጋ ብዬ ላሳየው?

«አባዬ፣ ነጠላ ነው» አልኩት።

ተቆጣ። ሌላ እሽግ አቀረበልኝ፤ ይኼስ አለ። ሌላም ጨመረ። ሰሞኑን ያየው ሁሉ ድርብ መሆኑን ነገረኝ። ያኔ ክው አልኩ። ዕድሜ ልኩን አንድ ያጣ ሰው እንዴት ሁሉንም ባንዴ ያገኛል?

«አባዬ፣ እኔስ ስንት ነኝ?»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ሁለት ነሽ» አለ። «ከተናገርኩ ሳንቲሙም ይቀርብኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሐኪም ቤት ብንወስደው ሐኪሟ ከዓይኖቹ ጀርባ እጢ አገኘች፤ ቢላ የሚደርስበት ቦታ አይደለም አለችን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛው እያደር ጠቆረ። ሐኪም ቤት አልጋ ሲይዝ ድርብ ማየቱ እንዳያዞረው አንድ ዓይኑን በጨርቅ ሸፈኑለት። አንድ ቀን ያንን በመጀመሪያ ያሳየኝን ሳንቲም ከነማጉያው አምጪልኝ አለኝ። እምቢ ብዬ ተነጫነጭኩ፤ በመጨረሻ ወሰድኩለት። በቀረችው ዓይኑ ረጅም ጊዜ አየው።

«ነጠላ ነው» አለ። «ልክ ነበርሽ።»

ምነው ተሳስቼ ቢሆን ብዬ አለቀስኩ። በሕይወቴ ልክ በመሆኔ እንደዚያን ቀን አዝኜ አላውቅም። እጁን ሰዶ ጨርቁን ነካ ነካ አደረገው፤ ጣቶቹ ግን አቅም አልነበራቸውም።

«ይቺን አንሺልኝማ» አለ።

ያዞርሃል አልኩት።

«ያዙረኝ። ሳንቲሙ ነጠላ ከሆነ ይሁን። አንቺን ግን ሁለት አድርጌ ልይሽ።»

ጨርቁን አነሣሁለት። አትነቃነቂ አለኝ። አፍንጫዬን እንኳ ሳልጠርግ፣ እስኪጠግበኝ ድረስ ፊቱ ተቀመጥኩ።