የተነፋ አፈር

ጋሽ ወንድምአገኝ ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ በባንኮኒያቸው ላይ ያልተሸጠ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ የመዝሙር ሲዲው። ከየካቲት ጀምሮ ግን የማይሸጥ ነገር ተቀምጦበታል። በላስቲክ ከረጢት የታሰረ ጥቁር አፈር ነው። ሽሮ ሊገዛ የገባ ሁሉ አፈሩን ሳይነካ አይወጣም። ጋሽ ወንድምአገኝ ከረጢቱን ፈተው “እስቲ ንካው፣ አትፍራ” ይላሉ። ደንበኛው ይነካል፣ ያሻል፣ ያደንቃል፤ ከዚያም በዚያው እጁ በርበሬ ይቀምሳል። እግዜር ይመስገን፣ እስካሁን የታመመ የለም።

አፈሩ የመጣው ከከተማው በስተሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ከሚያስነዳ ተራራ ነው። እዚያ አርባ ኤከር፣ አሥራ ስድስት ሄክታር ያህል፣ መሬት ይሸጣል ብሎ አንድ ደላላ ወስዶ ያሳያቸው ዕለት ዝናብ ጥሎ አድሮ ነበር፤ ሣሩ ለምልሞ፣ አፈሩ ጠቁሮ ጠበቃቸው። ጋሽ ወንድምአገኝ የበቾ ገበሬ ልጅ ናቸው። ለበቾ ሰው ጥቁር አፈር ማለት ዋልካ ነው፣ ዋልካ ማለት ደግሞ ጤፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። እዚያው ቆመው ወሰኑ፤ ሱቃቸውን ሸጠው መሬቱን ሊገዙና ጤፍ ሊዘሩበት። ሰኔ ሲገባ ለሱቁ ገዢ ተገኘ፣ ፊርማውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚውለው ሰኞ ተቀጠረ።

ነገሩ እንቅልፍ የነሳው የወንድማቸውን ልጅ ሮሐን ነው። ሮሐ የምትኖረው ካልቨር ሲቲ ሲሆን ግሌንዴል ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ የግጦሽ ተራሮችን አፈር እየቆፈሩ ማየትና መመደብ ነው። አባቷ ሲሞት አስመጥተው ያሳደጓት፣ ያስተማሯት አጎቷ ናቸው። ለሰው ሲያስተዋውቋት ግን “ኢንጂነር ናት” ይላሉ፤ አፈር ስትቆፍር ትውላለች ማለት ለካሊፎርኒያ የሚመጥን ወሬ አልመስላቸው ብሎ።

“ጋሼ፣ ጠጠሩስ የታለ?” አለቻቸው አንድ ቀን፣ ከከረጢቱ ቆንጠር አድርጋ።

“የምን ጠጠር?”

“ይሄ እኮ የተራራ አፈር ነው። ጠጠር አልነበረውም?”

“ነበረው እንጂ። በወንፊት ነፋሁት።”

“ነፋኸው?”

“ታዲያስ? ለሰው የሚታይ ነገር ከነእንክርዳዱ ይቀርባል እንዴ?”

ሮሐ የቆነጠረችውን ወደ ከረጢቱ መለሰች። በእሷ ሥራ የአፈር ጠባዩ ግማሹ ጠጠሩ ነው፤ ጋሼ ደግሞ ያንን ግማሽ አንጓለው ጥለውታል። የቢሮ አለቃዋን “ተሳስተሃል” ለማለት ዓይኗን የማታሽ ልጅ፣ ለጋሼ ይህን ለመናገር አፏ ተሳሰረ። ሰውየው በሕይወታቸው እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታ አታውቅም።

ስለዚህ ወላጆቿ ያደርጉት የነበረውን አደረገች። ሽማግሌ ላከች።

ሽማግሌ ለጋብቻም ለዕርቅም ሲላክ አይተናል፤ ለአፈር ሲላክ ግን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የተመረጡት ሦስቱም የቤተክርስቲያናቸው ሰዎች ናቸው፤ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት ጋሽ ደመቀ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡት እትዬ ፀዳለ፣ እና ወንጌላዊ ሲሞን። ሮሐ አስቀምጣ አስረዳቻቸው፤ አፈሩ ስስ ነው፣ ጠጠር ይበዛዋል፣ ከሥሩ አለት አለ፣ ለእርሻ አይሆንም። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ሱቁ ገቡ፤ ሮሐ ውጭ መኪናዋ ውስጥ ሆና ጠበቀች።

ሲወጡ ፊታቸው ሁሉ ፈክቷል።

“ሶ? ምን አለ?” አለች ሮሐ።

“በደንብ ተነጋገርን” አሉ እትዬ ፀዳለ።

“ኦኬ፣ እና?”

“እናማ… አንቺ ግን አፈሩን ነክተሽዋል?”

ጋሽ ደመቀ ጣልቃ ገቡ። “ሮሒ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ድራይቭ ሳደርግ እንዲህ ያለ አፈር የትም አላየሁም። ቅቤ ነው እኮ!”

ወንጌላዊ ሲሞን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እኔ ለጊዜው አምስት ኤከር ይበቃኛል ብያለሁ።”

ሽማግሌ ልካ ሸሪክ አፍርታላቸው አረፈችው። ከነገሩ ጦም እደሩ ማለት ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር፣ ሮሐ ግን መጦም አልቻለችም። ወደ ሱቁ ገብታ አጎቷን “ከመፈረምህ በፊት አንድ ጊዜ ልቆፍርልህ። ቅዳሜ ሁላችንም እንውጣ” አለቻቸው። ጋሽ ወንድምአገኝ ደስታውን አልቻሉትም። ልጅቷ በሙያዋ ልትመርቅላቸው መስሏቸዋል።

ቅዳሜ አምስቱም በአንድ መኪና ወጡ። ለመቆፈር ከባለ መሬቱ ተፈቅዶላቸዋል። ተራራው የካቲት ላይ የነበረውን አረንጓዴ ጥሎ ቢጫ ሆኗል፤ ሣሩ ደርቆ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ሮሐ አካፋና ዶማ አውርዳ ለአጎቷ ዶማውን ሰጠቻቸው።

“ራስህ ምረጥና ቆፍር። በየትም ይሁን።”

ጋሽ ወንድምአገኝ ኮታቸውን አውልቀው ጀመሩ። ላይ ላዩ ጥቁር ነው፤ ዞር ብለው ሽማግሌዎቹን በኩራት አዩዋቸው። ቀጥሎ ጠጠሩ መጣ፣ ከጠጠሩ ድንጋዩ ባሰ። ጉልበት ሳይደርሱ ዶማው ቋ! አለና እጃቸውን አነዘራቸው።

“ድንገተኛ ድንጋይ ነው” አሉና ቦታ ቀየሩ። እዚያም ቋ አለ። ጋሽ ደመቀ “የአንተ እጅ ሰንፎ ነው” ብለው ዶማውን ነጠቋቸው፤ ትንሽ ቆይተው መለሱላቸው። አራተኛው ጉድጓድ ላይ ወንጌላዊ ሲሞን ጸሎት አደረጉለት። አለቱ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ሮሐ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክካ የወጣውን አፈር ለሁለት ከፈለችው፤ ጠጠሩን ለብቻ፣ አፈሩን ለብቻ። የጠጠሩ ክምር በለጠ።

“ታዲያ ጥቁረቱስ?” አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

“ጥቁረቱ የሣሩ ነው ጋሼ። ሥሩ በየዓመቱ እየበሰበሰ ላዩን አጠቆረው። የዋልካ ጭቃ አይደለም።” አንድ እፍኝ በውሃ አርሳ በጣቶቿ መሃል ልታድበለብለው ሞከረች። ተፈረካከሰ። “ዋልካ ቢሆን እንደ ሊጥ ይሳብ ነበር።”

ጋሽ ወንድምአገኝ ተነስተው ሣሩን በእግራቸው እየገለጡ ዝቅ ብለው መሬቱን እያዩ ሄዱ። የጠፋባቸውን ቁልፍ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ተመልሰው መጡ።

“የአባቴ ማሳ በደረቁ ወራት ይሰነጠቃል። በትር ብትሰጂው ይውጣል። ይሄ ግን አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም።”

“አልተሰነጠቀም።”

“አሃ።” ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “ስሙስ? እናንተ ለአፈር ሁሉ ስም ትሰጣላችሁ አይደል?”

“ሎውሚ ስኬሌታል፣ ሚክስድ፣ ሱፐርአክቲቭ፣ ቴርሚክ፣ ሊቲክ ሃፕሎዜሮልስ።”

“ጌታ ሆይ” አሉ እትዬ ፀዳለ፣ “ይሄን ሁሉ አንድ አፈር ይሸከመዋል?”

ሮሐ ተረጎመችላቸው። ከአካሉ ከሲሶ በላይ ጠጠር የሆነ፣ አለቱ የቀረበ፣ በብርዱ ወራት ዘንቦለት በሙቀቱ የሚደርቅ፣ ሣር ያጠቆረው። አጎቷ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዳመጧት። ከዚያ፣ ቀስ ብለው፣ ከዚህ በፊት ነግረዋት የማያውቁትን ነገር ተናገሩ።

“በስምሽ ላደርገው ነበር።”

“ምኑን?”

“መሬቱን ነዋ። የሱቁ ቤት እኮ ኪራይ ነው ሮሒ፣ የእኔ ንግዱ ብቻ ነው። ነገ ዓይኔን ብከድን የሚተርፍሽ ትንሽ ሽሮ ነው። ወንድሜ አደራ ብሎኝ ነው የሞተው። እኔ ደግሞ ሰው ለልጁ መሬት ሲተው እንጂ ሌላ ነገር ሲተው አላየሁም።”

ሮሐ ለአንድ አፍታ ልትዋሽ አሰበች። ትንሽ ፍግ ቢጨመርበት፣ ድንጋዩ ቢለቀም ጤፍ አይከለክልም ልትል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የጋሼ ሁለት እጆች ግን ጉልበታቸው ላይ ናቸው፣ ዶማው መዳፋቸውን ልጦታል።

“ጤፍ አያበቅልም ጋሼ” አለች። “ሣር ነው የሚያውቀው። በግ ይሰማራበታል እንጂ አይታረስም።”

“ስንት በግ ይይዛል?”

ሮሐ ተራራውን ቃኝታ አሰበች። “አርባው ኤከር? ደህና በዘነበ ዓመት፣ ስድስት።”

“ስድስት መቶ?”

“ስድስት በግ።”

መጀመሪያ የጋሽ ወንድምአገኝ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሮሐ ያለቀሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነው። “ስድስት በግ!” አሉ፣ ሆዳቸውን ይዘው። “እኔ ወንድምአገኝ፣ ስድስት በግ ላሰማራ ሱቄን ልሸጥ!”

“የእኔ አምስት ኤከርስ?” አሉ ወንጌላዊ ሲሞን።

ሮሐ በጣቷ አሰላች። “ለእርስዎ ሦስት እግር ይደርስዎታል።”

እትዬ ፀዳለ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብለው ሳቁ። ጋሽ ደመቀም “አራተኛውን እግር እኔ እገዛዋለሁ” ብለው ሳቁን አባሱት።

ሳቁ ሲበርድ ጉድጓዶቹን መልሰው መድፈን ጀመሩ። ጋሽ ወንድምአገኝ አካፋውን ለማንም አልሰጡም። ሮሐ አጠገባቸው ቆማ፣ ድንጋዩ ከታች፣ ጥቁሩ ከላይ እንዲመለስ ታሳያቸዋለች፤ እሳቸውም እንዳለቻቸው ያደርጋሉ። መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ቆም አሉና አካፋውን ተደገፉ።

“ሰኞ አልፈርምም” አሉ።

“ይቅርታ ጋሼ። መጀመሪያውኑ ራሴ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።”

“ዝም በይ እስቲ፣ ልናገር። ይሄን ያህል ዓመት ስለ ሥራሽ ስታወሪ ሰምቼሽ አላውቅም። ሱቅ ስትመጪም እኔው ነኝ የማወራው።” የደፈኑትን መሬት በእግራቸው ጠቅጠቅ አደረጉት። “ምን ልተውላት እያልኩ ስብሰለሰል ኖርኩ። ለካ ያስተማርኩሽ ዕለት አውርሼሽ ጨርሻለሁ።”

ሮሐ ሄዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፣ በዚያ ሁሉ አፈር በለበሰ እጇ።