በኮባ የተጠቀለሉት መኪናዎች

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ሙስተፋ ከቡታጅራ ገበያ ጀርባ ባለችው ሱቁ፣ ሕፃናት ተቀምጠው በእግራቸው የሚነዷቸውን ትናንሽ መኪናዎች ከበርሜል ቆርቆሮ ይሠራ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የላካቸው የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ተጨረማምተው ደረሱ። ገዢያቸው ሀጂ ሸረፋም፣ «ሁለተኛው ጭነት እንዲሁ ከሆነ ሌላ ሠሪ እፈልጋለሁ» ሲሉ ላኩበት።

ጥፋቱ የመንገዱ ብቻ አልነበረም። የጭነት ተቆጣጣሪው አቶ ያረጋል ዕቃውን ከተሽከርካሪ መደብ አግብተውታል። የዚህ መደብ ዕቃ ሳይጠቀለል፣ በጎማው ቆሞ፣ በገመድ ታስሮ ይጫናል። ትንንሾቹ መኪናዎች ግን ከገመዱ አፈትልከው እርስ በርሳቸው ሲላተሙ ሄዱ።

«ጋሼ ያረጋል፣ መጫወቻ እኮ ናቸው!» ሲል ሙስተፋ ሄዶ ተከራከራቸው።

«መሪ አለው?»

«አለው።»

«አራት ጎማስ?»

«አለው፤ ግን…»

«እንግዲያው ሰሌዳ ስላልጠየቅሁህ አመስግነኝ!»

ወዛደሮቹ ሳቁ። አንድ ጎረቤት፣ «በግ ውሰድላቸው» ሲል መከረው። ሙስተፋ አልተቀበለም፤ በጉቦ የተከፈተ በር በሚበልጥ ጉቦ ይዘጋል። ደግሞም ያረጋል ደንብ አክባሪ እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም።

ሙስተፋ ዕቃው ተጠቅልሎ የሚጫንበትን ዘዴ ሲያሰላስል ቆይቶ ከጓሮው እርጥብ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ገባ። ባለቤቱ ሰፍያ፣ ቆጮ እየጠቀለለች ወደ አዲስ አበባ የምትልክ ነጋዴ፣ ስታየው ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቅቤ ነው እንዴ የምትልከው? እርጥቡ ውሃ አውጥቶ ቀለምህን ይልጠዋል። ደረቁን ኮባ አምጣ! ጎማውንም ፍታው፤ እግር ያለው ዕቃ አይታሰርም።»

ጎማዎቹን ለብቻ ጠቅልለው ከየመቀመጫው ሥር አስገቡ። ከዚያ ሰፍያ እያንዳንዱን መኪና በደረቅ ኮባ ደራርባ ሸፍና በቃጫ ጠፍራ አሰረችው።

በማግሥቱ ያረጋል አንዱን ጥቅል አስፈትተው መረመሩ።

«ጎማው የታለ?»

«ከመቀመጫው ሥር ነው ጋሼ። ይግፉትና ይዩት።»

ያረጋል በእግራቸው ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። ጥቂት አሰቡና ኮስተር ብለው ተናገሩ።

«ደንቡ የሚለው የሚሽከረከረውን ነው፤ ይህ አይሽከረከርም።» ወደ ወዛደሮቹም ዞረው ጮኹ፤ «ተሰባሪ የቤት ዕቃ! ከእህሉ በላይ፣ ከበርሜሉ አርቃችሁ ጫኑ!»

«እትዬ ሰፍያ፣ ቆጮሽ መሪ አወጣ?» አለ አንዱ ወዛደር።

«ቅመሰዋ፣ ጥርስህ ከጠናልህ!»

በገበያው ዕለት ጭነቱን የወሰደው ሾፌር፣ ከድሮ የሚባለው፣ ከከተማው መግቢያ ጀምሮ ጥሩምባውን እየነፋ ተመለሰ፤ ከሱቁ ደጃፍም ቆሞ በመስኮት ብቅ አለ።

«አሰላሙ አለይኩም! ሙስተፋ፣ አንዱም አልተጫረ! ሀጂ የመጀመሪያውን ሲፈቱት የሰፈሩ ልጆች መንገዱን ዘጉት፤ እኔ ራሴ ማለፊያ አጣሁ። ለኢድ ሌላ ይሥራልኝ፣ ጠቅላይዋም እሷው ትሁን ብለዋል!»

«አልሀምዱሊላህ!» አለ ሙስተፋ፤ መዶሻውንም አነሣ። የዚያን ዕለት ከሱቁ የወጣው የቆርቆሮ ድምፅ የገበያውን ሁካታ ዋጠው።