የኤላዲዮ የመጨረሻ ኳስ

«የኤላዲዮን ክንድ የበላችው የአሬሊስ ኳስ ናት» ትላለች ዶኛ ኑርካ። ሩዝ ስትመዝን ትላለች፤ በረዶ ስትሸጥ ትላለች፤ ደጃፏ ላይ ዶሚኖ ለሚጫወቱት ሽማግሌዎች ቢራ ስታቀርብም ትላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ሱቋ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አታውቅም።

አሬሊስ እኔ ነኝ። ሳን ፔድሮ ውስጥ፣ ከሸንኮራ ማሳው ጥግ ባለው ሰፈራችን፣ አዲስ የቤዝቦል ኳስ የሚገዛ የለም። ቆዳው ሲተረተር ወደ እኔ ያመጡታል። ማንም አላስተማረኝም። በአሥራ ሦስት ዓመቴ አንዷን ኳስ ፈታሁ፣ መቶ ስምንቱን ድርብ ስፌት ቆጠርኩ፣ መልሼ ሰፋኋት። የኳስ ክር ስለማይገኝ የዓሣ መረብ ክር ቀይ ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ ሰም ቀብቼ እሰፋለሁ። በጥርስ እንኳ አይበጠስም። ለጉራ አይደለም የምለው። እሺ፣ ለጉራም ነው።

ኤላዲዮ ጎረቤታችን ነበር፤ ኳስ ወርዋሪ። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አትታይም፤ መድረሷን የምታውቀው ተቀባዩ ጓንት ውስጥ ስትጮህ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው አንድ የተጫዋች መልማይ ከአሜሪካ ድረስ እሱን ብሎ መጣ። አሰልጣኙ ለፈተናው ስድስት ኳስ አሰፋኝ። እናቴ ታማ ስለነበረች እኔ ሜዳ አልሄድኩም። በአሥራ አንደኛው ውርወራ ክርኑ ጧ አለ፤ እዚያው ተንበረከከ አሉ። ማንኪያ በቀኙ ለማንሳት ስድስት ወር ፈጀበት። ከዚያ ዋና ከተማ ሄዶ የቧንቧ ሠራተኛ ሆነ።

ወሬው በዚያው ሳምንት ተወለደ። የመረቡ ክር ኳሷን አክብዷት ነው ተባለ። እኔ መልስ አላጣሁም፤ «ዶኛ፣ መጀመሪያ የሩዝ ሚዛንዎ ይስተካከል፣ ከዚያ ስለ ክብደት እናወራለን» አልኳት። ግን በሬን ስዘጋ ኳሶቼን አንድ በአንድ በመዳፌ እመዝን ነበር። እውነት ቢሆንስ? የዚያን ልጅ ክንድ የቀጨሁት እኔ ብሆንስ?

ባለፈው ቅዳሜ ኤላዲዮ መጣ። ወፍሯል። የስድስት ዓመት ሴት ልጁን በግራ ትከሻው ተሸክሟል። ማዶ ዶኛ ኑርካ መመዘኗን አቆመች።

«አንቺ ምላሳም፣ አለሽ?» አለኝ ኤላዲዮ።

«አለሁ። አንተ ግን ሦስት ሆነህ መጣህ፤ ልጅህና ሆድህ።»

ሳቀ። ልጅቷን አወረደና በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። «አሁንም ክንዴን የሰበርሽው አንቺ ነሽ ይላሉ አይደል?»

ወስፌው ከእጄ ወደቀ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ከፈተናው በፊት ሁለት ወር ሙሉ ያመኝ ነበር፤ ሸሚዜን የምቆልፈው በግራ እጄ ነበር። አባቴ እንዳያውቅ ደበቅኩ። ኋላ ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጅማትህ ቀድሞ ተቀዷል፤ ብርቱካን ብትወረውርም ይበጠስ ነበር› አለኝ።»

«እና ዘጠኝ ዓመት የት ነበርክ?»

«ፈራኋ። አባቴ አንቺን ሲረግም እኔን ተወኝ። እሷ ምላስ አላት፣ ትችለዋለች አልኩ። ይቅር በይኝ፣ አሬሊስ።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ረጅም ትንፋሽ። ትከሻዬ ወረደ። ለካ ዘጠኝ ዓመት ወደ ላይ ሰቅዬው ኖሯል።

«ተነስ፤ ብርቱካኗን ለዶኛ ንገርልኝ» አልኩት።

በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ነገራት። ሽማግሌዎቹ ዶሚኗቸውን አስቀመጡ።

ዶኛ ኑርካ «ወይ ጉድ! እኔ መቼ ኳሷ ናት አልኩ?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ሊሄድ ሲል ኤላዲዮ ከኪሱ አሮጌ ካልሲ አወጣ። ውስጡ ኳስ ነበር። «ያቺ የመጨረሻዋ ናት፤ ያንቺው ሥራ። ስፌቷ ላልቷል። ለልጄ አድሺልኝ።»

ልጁን ትከሻው ላይ መልሶ ሰቀላትና ሄዱ። እኔ ወስፌዬን አንስቼ የመጀመሪያውን ስፌት ሳብ አደረግኩት። ጣቶቼ መሃል ብጥስ አለ። ጥጥ ነው፤ የፋብሪካ ጥጥ፤ መልማዩ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ መሆን አለበት። ኤላዲዮ ያን ቀን የወረወረው የእኔን ኳስ አልነበረም።