መናኸሪያው ያስወደዳት ክፍል

መምህር ረጋሳ አምቦ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኢኮኖሚክስ አስተምሮ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሚስቱ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ የሰው ድምፅ የሚሰማው መንገድ ዳር ካለችው ክፍል ብቻ ነበር። እዚያ ሲንቄ የምትባል ልብስ ሰፊ ተከራይታ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች።

እሑድ ከቸርች መልስ ሁለቱ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ጨዋታው ረጋሳ ድሮ ለተማሪዎቹ ብሎ በካርቶን የሠራው ነው፤ ዙሪያውን ጉደር፣ ጊንጪ፣ ካቺሲ እያለ የከተማ ስም ጽፎበታል። ዳይስ ይጣላል፣ ቦታ ይገዛል፣ የሌላ ሰው ቦታ ላይ ያረፈ ኪራይ ይከፍላል። ሁለት ዓይነት ሕግ አለው፤ በአንደኛው አንዱ ሁሉን ጠቅልሎ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። በሁለተኛው ግን የቦታው ኪራይ መሀል ወደተቀመጠች ጣሳ ገብቶ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል።

«ቤት የሠራ የቤቱን ዋጋ ይውሰድ» ይላል ረጋሳ። «የቦታውን ዋጋ ግን ያመጣው መንገዱ ነው፣ ገበያው ነው። ባለቤቱማ ተኝቶ ነው ያደረው።»

ሲንቄ ሁልጊዜ የምትመርጠው ሁለተኛውን ነው። «የመጀመሪያውንማ ሳምንቱን ሙሉ ስጫወተው ነው የምውለው» ትላለች።

ከኮሮናው ዓመት በኋላ የሚኒባስ መናኸሪያ ወደ ሰፈራቸው መጣ። ወር ሳይሞላ ታደሰ የሚባል ደላላ በሩን አንኳኳ፤ መድኃኒት ቤት የሚከፍት ሰው ለክፍሏ ሦስት እጥፍ ይሰጣል አለ። አዳማ ያለችው ልጁ ለንሳም በስልክ «አባዬ፣ በዚህች ጡረታ መድኃኒትህን ትገዛለህ ወይስ ትበላለህ?» አለችው። ሁለት ሳምንት ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ ሲንቄ ዘንድ ገባ።

«ኪራዩ ሊጨምር ነው» አላት፤ «እጨምራለሁ» ማለቱ ከብዶት።

እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። «ማነው የሚጨምረው፣ ኦቦ ረጋሳ?»

«ያው... መናኸሪያው መጣ አይደል።»

«እንግዲያው ለመናኸሪያው ልክፈል?»

አዲሱን ዋጋ ነግሯት ወጣ። እሷም አልተቆጣችም። በወሩ መጨረሻ መኪናዋን ባጃጅ ላይ አስጭና፣ ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጥታው ወደ ጉደር ሄደች።

መድኃኒት ቤቱ ተከፈተ። ኪራዩ በባንክ ይገባል፤ ባለቤቱን ከውሉ ቀን ወዲህ አላየውም። እሑድ እሑድ ረጋሳ ካርቶኑን ዘርግቶ ለሁለቱም ወገን ራሱ ይጥል ጀመር። በየትኛውም ሕግ ቢጫወት የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም እሱው ሆነና ተወው።

አንድ ቅዳሜ የኮቱ ገበር ተተርትሯል ብሎ ጉደር ድረስ ሄደ። ገበሩን አምቦም የሚሰፋለት አያጣም ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ረጋሳ» ብላ ሲንቄ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተቀበለችው። ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ ተራው እስኪደርስ ተቀመጠ።

«ተመለሺ፤ በድሮው ዋጋ» አላት፣ ሰዎቹ ሲወጡ።

«ሰውዬውስ?»

«ውሉ... ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።»

ሲንቄ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ኮቱን አጣጥፋ ሰጠችው። ሒሳብ ሲላት እንደ ማንኛውም ደንበኛ ዋጋውን ነገረችው። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትሰፋለት አንድም ቀን አስከፍላው አታውቅም።

አምቦ ደርሶ በመድኃኒት ቤቱ በኩል ወደ ግቢው ሊገባ ሲል እሱን የማታውቅ አዲስ ሠራተኛ ከመስታወቱ ጀርባ ቀና አለች።

«ምን ልስጥዎት፣ አባት?»

«ምንም። ቤቴ እዚህ ነው» አላት።

ልጅቷ ግን ወደ ሌላ ደንበኛ ዞራ ነበር።